ኤዬ የሌለበት ድምፅ

ከሁሉ በፊት ሰዎቹን ልጥራ። ኦቦ ዲንቃ፤ ከሶር ፏፏቴ በላይ ባለው ጫካ ቀፎ እየሰቀሉ ያረጁ ሰው። ኦቦ ገላታ፤ የዲንቃ ጎረቤትና የዕድሜ ልክ ጓደኛ። ቶሌራ፤ የዲንቃ የበኩር ልጅ። ወይዘሮ ጫልቱ፤ መቱ ላይ የነበረችው የትንሿ የባህል ሙዚየማችን ኃላፊ። ትርሲት፤ ልጄ፤ የሙዚየሙ የኮምፒውተር ሠራተኛ። ጋሽ በየነ፤ ሥራውን ያስተማሩኝ፣ ነገሩ ሲደርስ በሕይወት ያልነበሩ፣ ግን ከሁላችንም በላይ በነገሩ ውስጥ የነበሩ ሰው። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ድምፅ ቀጂው ጌታሁን።

የጠራኋቸው ለማመስገንም ለመክሰስም አይደለም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሥራ ዘመኔ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ «ያ የጫካው ጉዳይ እንዴት ነበር?» ማለቱ አይቀርም። ግማሹን የሰማ ግማሹን ከራሱ ይጨምርበታል። እኔ ሙሉውን እጽፋለሁ፤ ልጆቼ ካነበቡት ይበቃኛል።

ትምህርቴ ብዙ አይደለም። በወጣትነቴ መቱ መናኸሪያ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ያስተማረኝ የተበላሸው ዕቃ ራሱ ነው። የተበላሸ ዕቃ ይሉኝታ አያውቅም፤ ካልገባህ አይሠራልህም፤ ይኸው ነው። ልጆቼንም ያሳደግኳቸው በዚህ ነው፤ ጨካኝ የሚሉኝም በዚህ ነው።

አንድ ቀን ከባህል ቢሮ ጋሽ በየነ የሚባሉ ሰው ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል መቅጃ ይዘው መጡ። ጠገንኩት። ሌላው ደንበኛ ዘፈን ከፍቶ ነበር የሚሞክረው፤ እሳቸው ግን ባዶ ካሴት አስገብተው የሱቄን ዝምታ ቀዱና ጆሮአቸው ላይ አድርገው አዳመጡት።

«ጎረቤትህ ልብስ ሰፊ ነው?» አሉኝ።

«ከግድግዳው ወዲያ ነው። እንዴት አወቁ?»

«ሲንጀሩ ይሰማል። አንተ ለምደኸው አትሰማውም። እኔ ጋ ሥራ፤ ትሰማዋለህ።»

እንዲህ ተቀጠርኩ። ደመወዙን አላነሳውም፤ ባነሳው ልጆቼ ይስቃሉ። መጀመሪያ የድምፅ ማጉያ በተጫነበት መኪና ላይ ስብሰባ ጠሪ ነበርኩ። ከዚያ እዚያው ኢሉባቦር ውስጥ ቡሬ ተመደብኩ፤ ለገበያ የሚወጡ ሽማግሌዎችን እየለመንኩ ተረትና የዘር ሐረግ እቀዳ ነበር። ቡሬ እያለሁ አንድ አለቃ ነበረኝ፤ የቀዳሁትን ሳያዳምጥ በካሴቱ ብዛት ብቻ የሚያመሰግን። ከእሱ የተማርኩት እንዲህ ያለ ሰው እንዳልሆን ነው። በመጨረሻ ሙዚየሟ ስትከፈት መቱ ተመለስኩ።

ስለ ጋሽ በየነ አሠራር ትንሽ ልናገር፤ ያለዚያ የሚመጣው አይገባም። ኢሉባቦር ዝናብ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ነው የሚወርደው። ጋሽ በየነ ለመቅዳት ሲሄዱ መጀመሪያ ጣሪያ አይተው፣ ቆርቆሮ ከሆነ የኮባ ቅጠል አስቆርጠው ጣሪያው ላይ ያስነጥፉ ነበር። ሰው ይስቅባቸዋል፤ ዝናቡ ሲመጣ ግን ድምፁ ይለዝባል። መቅጃውን ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡም፤ ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ጠረጴዛ የሁሉንም ሰው ክርን ይቀዳል ይላሉ። ማንም ሳይናገር ባዶውን ክፍል መጀመሪያ ይቀዳሉ። ሽማግሌው ተነሥተው ጋቢያቸውን እስኪያራግፉ ድረስም አይዘጉም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ «ተቀባይዎ ማነው?» ሳይሉ ጀምረው አያውቁም።

በእኛ አካባቢ ኦሮሞ ሽማግሌ ቁም ነገር ሲያወራ ብቻውን አያወራም። ከጎኑ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ በየአባባሉ መጨረሻ «ኤዬ» ይላል፤ እንደ አዎ ነው። ያለ ኤዬ ወሬው አይራመድም። ተቀባዩ ካልተስማማ አይከራከርም፤ መሳደብ ነውር ነው። ዝም ይላል፤ ያ ይበቃል። ተናጋሪው ኤዬ ሲያጣ ያንኑ ይደግመዋል። እንደገናም ካጣ ሌላ ነገር ያነሣል፤ ኤዬ ያጣው የመጀመሪያው ነገርም ሳይጸድቅ ይቀራል። ሁለቱም አልተዋረዱም፤ ማንም አልዋሸም። ጋሽ በየነ ስለዚህ ማይክራፎኑን በሁለቱ መካከል ነበር የሚያደርጉት፤ ወደ ተናጋሪው አያስጠጉም።

ሲጨርሱ ደግሞ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ቤት ይሰጣሉ። በካሴት ዘመን ካሴት፣ በኋላ እኔ ሚሞሪ ካርድ። «ድምፁ የሰውየው ነው፤ እኛ ተውሰን ነው» ይሉ ነበር።

ትርሲት ያደገችው የጥገና ጠረጴዛዬ ሥር ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ ሙዚየሟ በኮንትራት ስትቀጥራት ኮራሁ፤ ፊቴ ላይ ግን አላሳየሁትም። ያ ዘመን ሁሉ ነገር ወደ ዲጂታል የሚገባበት ነበር። ዋንጫውን፣ ከረጢቱን፣ የቆዳ ልብሱን ሁሉ እያሽከረከረች ፎቶ ታነሣለች፤ ስክሪን ላይ በጣት ይዞራል። የእኔን የድሮ ካሴቶች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ያስገባችው እሷ ናት። በችሎታ ትበልጠኛለች፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም።

ወይዘሮ ጫልቱ የማዳመጫ ክፍል እንዲከፈት ትፈልግ ነበር። ክፍሉ የተሰባበረ ወንበር መጋዘን ነበር፤ በየቢሮው ደጅ ቆማ፣ ለምና ነው ያስለቀቀችው። ጎብኚ ገብቶ የሽማግሌ ፎቶ ሲነካ፣ ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ይመጣል። አዳዲስ መቅጃዎች መጡ፤ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክራፎንም አብሮ መጣ። ጋሽ በየነ ታመው ልጠይቃቸው ሄጄ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ይኼ አንድን ሰው ብቻ ነው የሚሰማው» ብለው መለሱልኝ። ዕቃ ያደነቁ መስሎኝ ነበር። በዚያው ሰሞን አረፉ።

ኦቦ ዲንቃን የቀዳኋቸው በዚያ ማይክራፎን ነው። በራሳቸው በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ ኦቦ ገላታ ጉልበት ለጉልበት እየተነካኩ በተቀባይነት ተቀመጡ። ቶሌራ ዶሮዎቹን ያባርር ነበር። ዲንቃ ስለ ቀፎ አሠራር፣ ስለ ንብ ጠባይ፣ ንቦቹ የትኛውን አበባ ተከትለው ወዴት እንደሚሄዱ አወሩ፤ ገላታ ኤዬ እያሉ። ከዚያ ስለ ኮቦ አነሡ። ኮቦ ማለት ከአያት ወደ ልጅ የሚወርድ የጫካ ድርሻ ነው፤ ቀፎ መስቀል የሚችለው ባለ ኮቦው ብቻ ነው።

«የእኛ ኮቦ ከታችኛው ጅረት ተሻግሮ እስከ ትልቁ ቀረሮ ዛፍ ነው» አሉ ዲንቃ።

ገላታ ዝም አሉ።

ዲንቃ ደገሙት። ዝም። ቆይተው አንድ ጊዜ ጨመሩ፤ ዝም። ከዚያ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና «እና የቀፎው አፍ በምን እንደሚደፈን ልንገርህ» አሉኝ። ገላታም ኤዬ ማለት ቀጠሉ።

እኔ ሰምቻለሁ። ማሽኑም ሰምቷል ብዬ አለፍኩት። ካርዱን ለቶሌራ ሰጥቼ ተመለስኩ።

ክፍሉ የሚመረቅበት ቀን ሲቃረብ እኔ ለሥራ ቡሬ ነበርኩ። ትርሲት ደወለች።

«አባባ፣ ዲስኩ ሞልቷል። ወይዘሮ ጫልቱ የተጠረገውን ብቻ አስቀምጪ፣ ሌላውን አጥፊው ብለዋል። ምን ላድርግ?»

«ያለቀውን አስቀምጪ እንግዲህ» አልኳት። መኪና ሊያመልጠኝ ነበር።

እሷ «የተጠረገ» የምትለው ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ያስተማርኳትን ነው የሠራችው። ከልጅነቷ ጀምሮ «ያልጠራ ድምፅ ለሰሚው ስድብ ነው» እያልኩ ነው ያሳደግኳት፤ ሽው የሚል ሬዲዮ ጠግና ስታመጣ እንደገና አስፈትቻታለሁ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ባዶውን ክፍል አስቀድሞ ከሰማ፣ ያንን ድምፅ ከወሬው ሥር ጠርጎ ያወጣል። በኮሌታው ማይክራፎን የገላታ ኤዬ ከሩቅ እንደሚንሾካሾክ ሰው ነበር የሚሰማው። ጠረገችው። ክፍተቱን ገጠመችው። የተደጋገመውን ለጎብኚ እንዳይሰለች ቆረጠችው። የተረፈው የአንድ ሽማግሌ ጥርት ያለ ድምፅ ነው።

በምረቃው ቀን ሁሉም ያጨበጨበው ለዚያ ድምፅ ነበር።

በቀጣዩ ክረምት ኦቦ ዲንቃ አረፉ። ክረምቱ ሲወጣ ቶሌራ ከታችኛው ጅረት ማዶ ቀፎ ሰቀለ። የገላታ ልጆች ቀፎዎቹን አውርደው በመንገድ ዳር ደረደሯቸው። ገጀራ ተመዘዘ፤ ሰው መሀል ገብቶ አስጣለ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ገላታ «ጓደኛዬ ሲናገር ኤዬ አላልኩም» አሉ። የቶሌራ አጎት ያን ጊዜ ተነሥቶ እንዲህ አለ፤ «ዲንቃ የተናገረው መቱ ሙዚየም አለ። መንግሥት ያስቀመጠው ነው። ሄደን እንስማ፤ ገላታ ተቃውሞ ከሆነ ይወጣል።»

የሚመጡበትን ቀን ላኩብን።

ወይዘሮ ጫልቱ ከዚያ በፊት እኔንና ትርሲትን ቢሮዋ ጠራችን። በሩን ዘጋች።

«ጋሽ ጌታሁን፣ እርስዎ ሰው ያምንዎታል። ድምፁን ይክፈቱ፤ ‹ሙዚየሙ ጋ ያለው ይህ ነው› ይበሉ። ውሸት አይደለም፤ ያለን ይህ ነው።»

«ገላታ ውሸታም ሊባል ነው።»

«ተቆርጧል ካልን የዚህ ክፍል ድምፅ ሁሉ ተቆርጧል ይባላል! ማን ያምነናል ከዚያ በኋላ? የትርሲት የቋሚነት ጉዳይ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እኔ ልይዘው አልፈልግም፤ በላይ ያሉት ግን ይይዙታል።»

ክፉ ሴት አልነበረችም። ትርሲት መሬት መሬት ታያለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እውነት ስሰብክ የኖርኩ ሰው፣ እዚያ ቆሜ በሁለት ነገር መሀል ተያዝኩ፤ ብናገር የልጄ እንጀራ ይሄዳል፤ ዝም ብል በዚያ ጫካ ደም ይፈሳል። ስንወጣ ትርሲትን «አንቺ ምንም አትናገሪ፤ እኔ አውቃለሁ» አልኳት። ምን እንደማውቅ ግን እኔም አላወቅኩም።

በቀኑ በአንድ አይሱዙ ተጭነው መጡ፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ከፊትና ከኋላ ተለያይተው። ክፍሉ አልበቃንም፤ ድምፅ ማጉያውን ግቢ አወጣነው። የዲንቃ ሰዎች በአንድ ወገን፣ የገላታ ሰዎች በሌላ፤ ሽማግሌዎቹ መሀል። ዱላ ያልያዘ ወንድ አልነበረም። ከፈትኩት።

ዲንቃ ተናገሩ። ጥርት ብለው። «የእኛ ኮቦ ከታችኛው ጅረት ተሻግሮ እስከ ትልቁ ቀረሮ ዛፍ ነው።» ወዲያው ስለ ቀፎ አፍ ቀጠሉ።

የቶሌራ አጎት ጭኑን መታ። «ሰማችሁ? ማን ተቃወመ?»

ኦቦ ገላታ ቆመው ማጉያውን እንደ ሰው አፍጥጠው ያዩት ነበር። «የኔ ድምፅ የት አለ?» አሉ በኦሮምኛ። «አጠገቡ ተቀምጬ ነበር! አንዱን ኤዬ እንኳ አምጡልኝ!»

«ያልነበረ ሰው ድምፁ ከየት ይመጣል?» አለ ከዲንቃ ወገን አንዱ፤ ሳቁ።

ከሽማግሌዎቹ መካከል አንድ በዱላቸው የተደገፉ አዛውንት ግን አልሳቁም። «እኔ የሚገርመኝ» አሉ፣ «ዲንቃ በሕይወቱ አንዲት ቃል ተናግሮ ምራቁን ሳይውጥ ሌላ አይጨምርም ነበር። ሞት ነው እንዲህ ያቀላጠፈው?»

የግቢው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ወይዘሮ ጫልቱ በረንዳው ላይ ቆማለች። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ ግን ከኋላዬ መጣ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለች ትርሲት። «የኦቦ ገላታን ድምፅ እንደ ጫጫታ ጠርጌ አወጣሁት። ኤዬ ያሉበትንም፣ ዝም ያሉበትንም። ዋናው የለም፤ አጥፍቼዋለሁ።»

«ማን አዘዘሽ?» አለ አጎትየው።

ወይዘሮ ጫልቱን አላየችም። «እጄ ነው የሠራው» አለች።

የገላታ ልጆች ተንቀሳቀሱ፤ የዲንቃዎቹም ተነሡ። የዱላ መነካካት ተሰማኝ። ያን ጊዜ ጋሽ በየነ ትዝ አሉኝ።

«ቁሙ!» አልኩ። «አንድ ቅጂ አለ። ያልተነካ። ስቀዳ የሰጠሁት። ዲንቃ ቤት ነው ያለው።»

አሁን ሁሉም ወደ ቶሌራ ዞረ። ቶሌራ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። እጁ ኮት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አላወጣውም።

አጎቱ ጠጋ ብሎ «ጠፍቷል በል» አለው፤ ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ ስላለኝ ሰማሁ። «ካርድ ይጠፋል፤ ዘፈን ተጭኖበታል በል።»

ገላታ ቶሌራን ብቻ ያዩታል። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቁታል፤ ቀፎ አወራረድ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ቶሌራ ካርዱ ያለበትን ስልኩን አወጣ። «ጫካ ስወጣ የምሰማው እሱን ነው» አለ። «ዛፍ ላይ ሆኜ። የአባቴ ድምፅ እሱ ብቻ ነው የቀረኝ። የት ጋ ምን እንዳለ አውቃለሁ።»

«እያወቅክ ነው ቀፎውን የሰቀልከው?» አለ አንዱ።

«አባቴ ለኔ ብሎ የተናገረው ነው» አለ።

ትርሲት ከማጉያው ጋር ልታገናኘው ሽቦ ዘረጋችለት። እጇን ገፋው። «አይ፤ በዚሁ ይሰማ።» ስልኩን መሬት ላይ ባለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ሊሰማ የፈለገ ሁሉ መጠጋት ነበረበት፤ ሁለቱ ወገን ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ።

ዶሮ ትሰማለች። ነፋስ ይሰማል። ዲንቃ ይናገራሉ፤ ከሩቅ ደግሞ፣ ደከም ያለ፣ ኤዬ። ኤዬ። ከዚያ ኮቦው መጣ። ዲንቃ ተናገሩ፤ ምንም። ደገሙ፤ ዶሮዋ ብቻ። ጨመሩ፤ ምንም። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

ኦቦ ገላታ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ማሸነፋቸው ነበር፤ የሚያለቅሱ መሰለኝ። ወዳጃቸው ያን ዝምታ ተቀብለው በሰላም ያለፉት ነገር አሁን በሰው ሁሉ ፊት ተከፈተ።

ቶሌራ ስልኩን አነሣ። ወደ ትርሲት ዞሮ «እንግዲህ የአባቴን ድምፅ ከዚህ ቤት አውጡልኝ» አላት። እዚያው እያየ ከኮምፒውተሩ አጠፋችው።

ሽማግሌዎቹ ጅረቱን ወሰን አደረጉት። ደም አልፈሰሰም፤ ይህን ሰው ሁሉ ይናገርልኛል፤ እኔም እቀበላለሁ። ግን ያስከፈለንን ልናገር።

ቶሌራ የጅረቱን ማዶ ቀፎዎች አወረደ። አጎቶቹ እስከ ዛሬ ቤቱ አይገቡም። ወይዘሮ ጫልቱ ወደ ወረዳ ተዛወረች፤ ስትሄድ አልተሰናበተችኝም፤ ለምና ያስለቀቀችው ክፍል ውስጥ ወንበሮቹ ተመልሰው ገቡ። የትርሲት ኮንትራት አልታደሰም። አሁን እኔ በጀመርኩበት ሰፈር ስልክ ትጠግናለች፤ ሥራ አጣች ብዬ አላዝንላትም፤ ለእውነት የከፈለች ልጅ ናት። የማዝነው ሌላ ነው፤ ጠግና ስትጨርስ እንደ ድሮ «አባባ፣ ይስሙልኝ» አትለኝም። ኦቦ ገላታ ጫካቸውን አገኙ። ተቀባይ ሆነው ግን ከዚያ ወዲህ ከማንም ጎን አልተቀመጡም፤ ሰው ሲለምናቸው «የኔ ኤዬ ይጠረጋል» ይላሉ፤ ይስቃሉም፤ ሳቁ ግን አያምርም።

ሙዚየሟስ? ወሬው ከሶር ቡሬ ደረሰ። ቤተሰቦች እየመጡ የአባቶቻቸውን ድምፅ አስጠፉ፤ በየቤቱ ካርዱ ስላለ አልተከራከርንም። ጡረታ የወጣሁ ቀን ዲስኩን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትኩት። ከሽማግሌዎቹ አንድም አልነበረም። የቀረው ትርሲት ለጥረጋ ስትል ለብቻው ያስቀመጠችው ነው፤ በጋሽ በየነ ሥርዓት፣ ማንም ከመናገሩ በፊት የቀዳኋቸው ባዶ ክፍሎች። በኮባ ቅጠል ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የዶሮ ኮቴ፣ ሊናገር የተዘጋጀ ሰው ትንፋሽ። የዕድሜዬ ሥራ ያ ነው፤ አሁንም እዚያው አለ።